በርበሬና የኮሪያ ድራማ

ባለፈው ጥር ቡሬ፣ እህቴ ቤት ሰነበትኩ። መብራት ባለበት ማታ እናቴ በርበሬ ትቀነጥሳለች፤ የእህቴ ልጅ በፍላሽ ያመጣችውን የኮሪያ ድራማ ትከፍትላታለች። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ ባዕድ ሰው አማርኛ ሲናገር አይገርመንም። ይኼ ግን በገዛ ቋንቋው ነው፤ ከግርጌው እንግሊዝኛ ይሮጣል፣ ልጅቷ ትተረጉማለች።

ሥነ ጽሑፍ ያስተማርኩ ሰው ነኝና አፌ አላረፈም። የሀብታም ልጅ ድሃዋን ይወዳል፣ መኪና ይገጨዋል፣ ማንነቱን ይረሳል፤ ስንቴ! ጎረምሳው ዝናብ ውስጥ ቆሞ ሲያለቅስ እናቴም «ሥራ የለውም እንዴ?» ብላለች። ግን ብዙዎቹ አሥራ ስድስት ወይም ሃያ ክፍል ላይ ማብቃትን ያውቁበታል፤ የኛዎቹ ዓመት ይጎተታሉ። ደግሞ ታላቅ ሳይቀምስ ማንኪያ የሚያነሳ የለም፤ ለታላቅ ሲሰጡም በሁለት እጅ ነው። እናቴን የያዛት ይኼ ነው። ታላቅ ወንድሟ በ1943 ዓ.ም. ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምቶ በሕይወት አልተመለሰም። የሞተላቸው ሰዎች እንዴት ያሉ እንደሆኑ ማየት ትፈልጋለች።

አንድ ማታ ልጁ አባቱ ላይ ጮኸ። እናቴ እጇን ከበርበሬው አነሳች።

«ምን አለው?»

ግርጌውን አንብቤዋለሁ፤ እዚህ የሚጻፍ አይደለም።

«‹ይቅር በሉኝ አባባ› አለው፣ እማማ» አለች ልጅቷ፣ እኔን እኔን እያየች።

«እንዲህ ጮሆ?»

«አባትየው ጆሯቸው አይሰማም።»

እናቴ ወደ በርበሬዋ ተመለሰች። እኔም ዝም አልኩ።