በብር ስንት ይመጣል?

እስቲ ጎበዝ፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ! ዘመድ ወይም ጎረቤት «ቪዛዬ ወጣልኝ!» ብሎ የምሥራች ሲላችሁ፣ ከ«እንኳን ደስ ያለህ» ቀጥሎ ከአፋችሁ የሚወጣው ጥያቄ ምንድነው? እኔ በምኖርበት የልደታ ኮንዶሚኒየም መልሱ አንድ ነው። «ደመወዙ በብር ስንት ይመጣል?» የሚሄደው ለትምህርት ከሆነም «የሚሰጡት ገንዘብ በብር ስንት ይመጣል?» ይባላል። ከዚያ ሞባይል ይወጣል፣ ይባዛል... ቁጥሩ ሲታይ ቤቱ እልልታ በእልልታ ይሆናል!

እኔ የምተዳደረው በሂሳብ ሠራተኛነት ነው። ስለዚህ ከብሎካችን ማን ወጣ፣ ማን ሊወጣ ነው ሲባል «እስቲ አንቺ ሂሳብ ታውቂያለሽ» ተብዬ የምጠራው እኔ ነኝ። የሪያሉንም፣ የዩሮውንም፣ የዲናሩንም ስሌት ስሠራ ኖሬያለሁ። ታዲያ ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ «በብር ስንት ይመጣል?» የሚለው ጥያቄ ከሁሉም የሚያንሰው ጥያቄ መሆኑ ነው።

እንዲያውም አያቶቻችን በዚህ ነገር ሳይበልጡን አይቀሩም። ማርትሬዛ ብር የሰው ሀገር ገንዘብ ነበር። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1780 ሞተች። መልኳ ያለበት ብር ግን ያንኑ 1780 የሚል ዓመት ይዞ መታተሙን ቀጠለ፤ እኛም ሀገር ዘመናት ተገበያየንበት። አያቶቻችን ታዲያ ዝም ብለው አይቀበሉም። የራስ ጌጧን ያያሉ፣ የደረቷን ዕንቁ ይቆጥራሉ፣ የፈዘዘውን «ይሄማ አይሆንም» ብለው ይመልሳሉ። የማያውቁትን ገንዘብ መርምረው ነበር የሚይዙት። እኛስ? አባዝተን እልል!

አንድ የአክስቴ ልጅ ጀርመን ሀገር ለትምህርት ሄደ። ጀርመኖች ለተማሪ ቪዛ ዝግ የባንክ ሂሳብ ይጠይቃሉ። የዓመቱ ገንዘብ አስቀድሞ ይገባል፣ ልጁ ግን በየወሩ ከተወሰነው በላይ ማውጣት አይችልም። መጠኑ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 በዓመት 11,904 ዩሮ ተደረገ፤ በወር 992 ዩሮ ማለት ነው። በዚያን ሰሞን ምንዛሪ ሲባዛ ከ100 ሺህ ብር ያልፍ ነበር። ቤተሰቡ «በወር መቶ ሺህ ብር ለአንድ ጎረምሳ! ግማሹን ለእናቱ ቢልክስ?» ብሎ መከረ። አይፈረድባቸውም፤ ገንዘቡን ለመሰብሰብ ያልተሸጠ ነገር አልነበረምና።

ልጁ ግን እዚያ ሲደርስ ሂሳቡ ሌላ ሆነ። ለአንዲት ክፍል 380 ዩሮ፣ ለጤና ኢንሹራንስ 130 ዩሮ ከፈለ። የቀረው 482 ዩሮ ነው፤ ለ30 ቀን ሲካፈል በቀን 16 ዩሮ። በቃ! ያ «መቶ ሺህ ብር» እዚያ ሲደርስ ምግብ፣ ትራንስፖርት፣ ስልክ፣ ደብተርና የክረምት ካፖርት ሁሉ የሚገዛበት የቀን 16 ዩሮ ሆነ። ከዚህ ላይ ግማሹን ቢልክ ምን ሊበላ ነው?

የማባዛት በሽታ ሌላም ጉዳት አለው። ልጁ የመጀመሪያውን ወር ያየውን ዋጋ ሁሉ በብር እያባዛ አሳለፈ። ማኪያቶ ሦስት ዩሮ ተኩል... «ከ400 ብር በላይ!» ብሎ ጥሎ ይወጣል። ዳቦ ሲያይ ያባዛል፣ እንቁላል ሲያይ ያባዛል፣ ሳይበላ ይመለሳል። በስልክ ሳየው ጉንጩ ገብቷል። «ስማ የኔ ወንድም፣» አልኩት፣ «እዚያ ሆነህ በብር መኖር አትችልም። በሰዓት አስላው።» እ.ኤ.አ. በ2025 የጀርመን ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 12.82 ዩሮ ነበር። በዚያ ሂሳብ ማኪያቶው የ16 ደቂቃ ሥራ ነው። ውድ ነው ወይስ ርካሽ የሚለውን የሚነግርህ ይኼ እንጂ ብር አይደለም። ደግሞ በመሳቢያው ውስጥ ሳንቲም ይወረውር ነበር። እኛ ሀገር ሳንቲም ማን ይቆጥራል? የዩሮ ነገር ግን ሌላ ነው፤ የ1 እና የ2 ዩሮ ገንዘብ ወረቀት የለውም፣ ሳንቲም ነው። ወር ሲያልቅ መሳቢያውን ቢገለብጥ 43 ዩሮ ተገኘ። ሁለት ቀን ተኩል የሚበላበት ገንዘብ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ነበር!

ስምም ያታልላል። ዲናር ሲባል ስንቱ ይምታታበታል መሰላችሁ። የኩዌት 1 ዲናር ከ3 ዶላር በላይ ነው፣ በ1,000 ፊልስ ይከፈላል። የዮርዳኖስ 1 ዲናር 1.40 ዶላር ግድም ነው። የኢራቅን ዲናር ግን እ.ኤ.አ. በ2023 መንግሥቱ የተመነው 1,300ው ለ1 ዶላር ነው። ሪያልም የሳዑዲ አለ፣ የኳታር አለ፣ የኦማን አለ፣ የኢራን አለ። ፓውንድም የእንግሊዝ ብቻ አይደለም፤ የግብፅም የሱዳንም አለ። ስለዚህ ደላላ «200 ዲናር ነው» ሲላችሁ «የየትኛው ሀገር?» በሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ከብሎካችን አንዲት ልጅ በ2010 ዓ.ም. ወደ ሊባኖስ ሄደች። ደመወዟ በወር 150 ዶላር ነው። በየወሩ 100 ዶላር ለእናቷ ትልካለች። እናትየው የሐዋላ ወረቀቶቹን በፌስታል አጥፈው፣ ከመጽሐፍ ቅዱሳቸው ሥር ያስቀምጣሉ። 2012 ዓ.ም. ሲገባ ገንዘቡ መቀነስ ጀመረ። 80፣ ከዚያ 60፣ ከዚያ 40... ሰፈር ደግሞ ሥራ አይፈታም! «ወንድ ይዛ ነው» አለ አንዱ። «ዓመሏ ተበላሽቷል» አለች ሌላዋ። እናትየው አዘኑ፣ ከዚያም ተቆጡ። ልጅቷ ስትደውል ስልክ እስከማያነሱ ደረሱ።

አንድ ቀን ማታ ፌስታላቸውን ይዘው እኔ ቤት መጡ። የመጨረሻው ወረቀት 25 ዶላር ይላል። «ልጄ፣ እስቲ አንቺ እይው። ይቺ ልጅ ደመወዟን ምን እያደረገችው ነው?»

ወረቀት አውጥቼ ሠራሁላቸው። የሊባኖስ ገንዘብ ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ 1,500 ሊራ ግድም ለ1 ዶላር ተብሎ የተቸከለ ነበር። 150 ዶላር በዚህ ሲባዛ 225 ሺህ ሊራ ነው። በ2012 ዓ.ም. የሀገሪቱ ባንኮች ዶላር መስጠት ሲያቆሙ፣ ብዙ አሠሪዎች ለሠራተኞቻቸው በሊራ መክፈል ጀመሩ። የእሷም አሠሪ «ያው ነው፣ እንቺ 225 ሺህ ሊራ» ይላታል። በወረቀት ላይ አንድ ሊራ አልጎደለም። ገበያ ላይ ግን ያን ክረምት ዶላር 8,000 ሊራ ገብቷል። ለእናቷ መላክ ስትፈልግ ዶላር የምትገዛው በዚህ ዋጋ ነው።

«እማማ፣» አልኳቸው፣ «225 ሺህ ሊራ ለ8,000 ሲካፈል 28 ዶላር ነው። የወር ደመወዟ 28 ዶላር ሆኗል ማለት ነው።»

ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ «ከ28ቱ ነው 25ቱን የላከችልኝ?» አሉ። እንባቸው ወረቀቱ ላይ ጠብ አለ። ያንኑ ማታ ከእኔ ስልክ ደወሉላት። ምን እንደተባባሉ አልናገርም፤ የእናትና የልጅ ነገር ነው።

ያን ጊዜ የደረሰው በእሷ ብቻ አልነበረም። በዚያው 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ወራት አሠሪዎች «የምንከፍለው የለንም» እያሉ፣ ኢትዮጵያውያን እህቶቻችንን ከነሻንጣቸው ቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ሲጥሏቸው ዓለም አይቷል። ሊራውም መውደቁን አላቆመም፤ በ2015 ዓ.ም. በገበያ 1 ዶላር ከ100 ሺህ ሊራ አልፎ ነበር።

እንግዲህ ከዚህ የምንማረው ምንድነው? ገንዘብ ይወድቃል! ስለዚህ ውል ስትፈርሙ ቁጥሩን ብቻ አትዩ። ከቁጥሩ ጎን የተጻፈው የማን ሀገር ገንዘብ ነው? «በዶላር» ከተባለ፣ የሚከፈለው በዶላር ነው ወይስ በሀገሩ ገንዘብ ተመንዝሮ? የሚመነዘርስ ከሆነ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ዋጋ? ይህ መስመር ውሉ ውስጥ ከሌለ፣ ቢያንስ እንደሌለ አውቃችሁ ሂዱ።

አንዳንዱ ገንዘብ ከዶላር ጋር በገመድ እንደታሰረ ነው። የሳዑዲ ሪያል ከ1980ዎቹ ጀምሮ 3.75 ለ1 ዶላር፣ የኤምሬቶች ድርሃም ከ1990ዎቹ ጀምሮ 3.67 ለ1 ዶላር ሆኖ ቆይቷል፤ እነዚህን ዓመታት የምቆጥረው በአውሮፓውያን ነው። ገመዱ እስካልተበጠሰ ድረስ ደመወዝ ከዶላር አንፃር አይዋዥቅም። አንዳንዱ ደግሞ ልቅ ነው። የቱርክን ሊራ እዩ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 አንድ ዶላር አንድ ሊራ ተኩል ግድም ነበር፣ በ2024 መጨረሻ ግን 35 ሊራ ገባ። ቱርክ ለትምህርት የሄዱ ልጆች የኪስ ገንዘባቸው በሊራ ሲጨመርላቸው እንኳ ለቤተሰብ የሚተርፈው የሚያንስበት ምክንያት ይኸው ነው።

የራሳችንስ ብር? ለረጅም ዘመን 2.07 ለ1 ዶላር ነበር። በ1985 ዓ.ም. 5 ብር ተደረገ። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. በአንድ ጊዜ 15 በመቶ ተቀነሰ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በዚያው ዕለት ከ74 ብር በላይ ሆነ፤ በጥቂት ሳምንታትም መቶን አለፈ። አስር ሺህ ዶላር ለትምህርት ለማሳየት 570 ሺህ ብር ያጠራቀመ ቤተሰብ፣ በወር ውስጥ ከ1 ሚሊዮን ብር በላይ ተጠየቀ። አንድ ብር ሳያባክን ግማሽ መንገድ ወደኋላ ተመለሰ። ለዚህ ነው «ለሚቀጥለው ዓመት እሄዳለሁ» የሚል ሰው ዕቅዱን በብር ሳይሆን በሚሄድበት ሀገር ገንዘብ መጻፍ ያለበት።

ቤት ለቀራችሁትም አንድ ቃል አለኝ። ሳዑዲ ያለች እህታችሁ የምትልከው 1,000 ሪያል፣ ዶላር 57 ብር ሳለ ከ15 ሺህ ብር ጥቂት ያልፍ ነበር። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ዶላር 120 ብር ሲያልፍ ያው 1,000 ሪያል ከ32 ሺህ ብር በላይ ሆነ። «እህቴ ደመወዝ ተጨመረላት!» እንዳትሉ! እሷ የምትነሳው በዚያው ሌሊት ነው፣ የምታጥበውም ያንኑ ምንጣፍ ነው። የወደቀው ብራችን ነው እንጂ የጨመረው ደመወዟ አይደለም። እናንተም ጤፍና ዘይት ስትገዙ ጭማሪው የት እንደገባ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ «ጨምሪ» ከማለታችሁ በፊት አስቡ።

የምንዛሪ ቤትም የራሱ ጥበብ አለው። ሰሌዳው ላይ ሁለት ዋጋ አለ፤ የሚገዙበትና የሚሸጡበት። ዶላር የምትወስዱ ከሆነ የናንተ ዋጋ የሚሸጡበት ነው፣ ከፍ ያለው። ሐዋላ ስትልኩም «ኮሚሽን የለም» ቢባል አትደሰቱ፤ ትርፉ ምንዛሪው ውስጥ ተደብቆ ሊሆን ይችላል። ማወዳደር ያለባችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስንት ሰጠሁ፣ ስንት እጅ ገባ? ውጭ ሀገር በካርድ ገንዘብ ስታወጡም ማሽኑ «በሀገርህ ገንዘብ ልመንዝርልህ?» ይላል። «አይ፣ በዚህ ሀገር ገንዘብ» በሉ፤ የማሽኑ ምንዛሪ ብዙ ጊዜ ውድ ነው። መንገድ ዳር «ዶላር አለ» የሚላችሁን ደግሞ እለፉት። ሕገወጥ ነው፤ ሐሰተኛ ኖት ይዛችሁ የሰው ሀገር ኤርፖርት ላይ ብትያዙ ማን ይደርስላችኋል? ቪዛና ቲኬታችሁን ይዛችሁ ባንክ ግቡ፣ የሚፈቀደውን መጠን ጠይቁ፣ ደረሰኙንም አትጣሉ።

እንግዲህ የምትሄዱ እህት ወንድሞቼ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላልና ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አንድ ወረቀት ላይ አምስት ነገር ጻፉ። የምትከፈሉት በማን ሀገር ገንዘብ ነው? ያ ገንዘብ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው ወይስ ልቅ? የቤት ኪራይና ኢንሹራንስ ሲቀነስ በቀን ስንት ይቀራችኋል? አንድ ሰዓት ሥራ ስንት ዳቦ ይገዛል? ቤት መላክ የምትችሉት ከፍተኛው ስንት ነው? አምስተኛውን ከመሄዳችሁ በፊት ለእናታችሁ ቁጭ ብላችሁ አንብቡላት። ያን ጊዜ አንድ ወር የሚላከው ቢያንስ እንኳ፣ ልጇ ስትደውል ስልኩን ታነሳለች።

ቸር ይግጠማችሁ!