ጉዠንግ፣ ኧርሁ እና የልጆች ጆሮ

ቻይና ውስጥ ጉዠንግ የተባለውን የክር መሣሪያ የሚማር ልጅ መጀመሪያ ጣቶቹ ላይ ሰው ሠራሽ ጥፍር በፕላስተር ያስራል። ከፊቱ የተዘረጋው መሣሪያ 21 ክሮች አሉት፤ ርዝመቱም ከልጁ ቁመት ይበልጣል። ቢሆንም ለጀማሪ የሚመች ነው፤ ክሮቹ በአምስት ድምፅ ስለተቃኙ እጁን ጠረግ ቢያደርግባቸው እንኳ ጆሮ የማይጎረብጥ ዜማ ይወጣል። የትዝታ ሜጀር ቅኝትን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊም ድምፆቹን ወዲያው ይለያቸዋል።

ኧርሁ የተባለው ሌላው የቻይና የክር መሣሪያ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። እንደ ማሲንቆ በደጋን የሚመታ ቢሆንም ክሮቹ ሁለት ናቸው፤ የደጋኑ ጭራም በሁለቱ መካከል ገብቶ ይቀራል። ጣት የሚያርፍበት ሰሌዳ ስለሌለው ልጁ ትክክለኛውን ድምፅ የሚያገኘው በጆሮው ነው። ድምፁ እስኪስተካከል ያለውን የሲጥሲጥታ ጊዜ ችሎ የሚያሳልፍ ወላጅ ምስጋና ይገባዋል።

ከመጫወት በፊት ግን መንካትና መስማት ቢቀድም ይሻላል። የጥንት ቻይናውያን መሣሪያዎችን የመደቡት በተሠሩበት ነገር ነው፦ ብረት፣ ድንጋይ፣ ሐር፣ ቀርከሃ፣ ቅል፣ ሸክላ፣ ቆዳና እንጨት። ለሕፃን ከዚህ የቀለለ መግቢያ የለም።

ከብረቱ ወገን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1978 በቻይናዋ ሁቤይ ግዛት ውስጥ ከአንድ መስፍን መቃብር የወጡት የነሐስ ደወሎችም መታየት አለባቸው፤ እያንዳንዱ ደወል መሃሉንና ጎኑን ሲመቱት ሁለት የተለያዩ ድምፆች ይሰጣል።