ስም የለሽ ዓሣዎች

ባሕር የማያውቁ ሰዎች ልጅ ነኝ። በተወለድሁበት በጎንደር ገጠር ትልቁ ውኃ ክረምት ሲሆን ደፍርሶ የሚያጓራ፣ በጋ ሲሆን ድንጋዩን አግጥጦ የሚተኛ አንድ ወንዝ ነበር። ዓሣ ማለትም ለእኔ ከወደ ጣና የሚሰሙ ሁለት ስሞች ነበሩ፤ ቆሮሶና አምባዛ። ከዚያ ወዲያ ላለው ዓይኔም ቋንቋዬም አልደረሰም።

ግንቦት 1983 ዓ.ም. የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን ከአዲስ አበባ በተጓዙበት ዘመቻ፣ ወንበሮቹ በተነቀሉለት አውሮፕላን ወለል ላይ ተቀምጬ ቀይ ባሕርን ተሻገርሁ። ሌሊት ስለነበር አላየሁትም። ያየሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ለሥራ ወደ ኢላት ስወርድ ነው። መጀመሪያ ላዩን አየሁ። ቀጥሎ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ያዋሰኝን መነጽር ፊቴ ላይ አጥልቄ ራሴን ውኃው ውስጥ ስከትት፣ ላዩ ምንም እንዳልነበረ ገባኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠላቂ ሆንሁ። ጀልባ የሚጠይቅ ጠላቂ ግን አይደለሁም፤ ከዳር በእግሬ የምገባ ነኝ። የኢላት ሪፍ ለዚህ የተመቸ ነው። ከከተማው በስተደቡብ ያለው የኮራል ዳርቻ ጥብቅ ሥፍራ 1.2 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ሪፉም ከዳሩ ጥቂት እርምጃ እንደሄዱ ይጀምራል። ሰው ኮራሉን እንዳይረግጥ የእንጨት ድልድይ ተዘርግቶለታል። በዚያ በኩል አብዛኛውን ጊዜ ነፋሱ ከሰሜን፣ ከበረሃው ወደ ባሕሩ ስለሚነፍስ የዳሩ ውኃ ረጋ ያለ ነው፤ ከደቡብ የተነሣ ዕለት ግን ባሕሩ ስለሚቆጣ ማንም ብልህ ጠላቂ አይገባም። ውኃውም ጨዋማ ነው። በውቅያኖስ አንድ ኪሎ ውኃ 35 ግራም ያህል ጨው ሲይዝ፣ እዚህ 40 ግራም ይይዛል። ስለዚህ ባሕሩ ሰውን በቀላሉ አያሰጥምም፤ ይልቁንም ለመጥለቅ የእርሳስ ቀበቶ ይጠይቃል።

ጠላቂዎች ያዩትን የሚመዘግቡበት ደብተር አላቸው፤ ቀኑ፣ ጥልቀቱ፣ ያዩት ፍጥረት። እኔም ያዝሁ። ነገር ግን በመጀመሪያው ቀን ብዕሬን አንሥቼ በአማርኛ ልጽፍ ስል የምጽፈው ጠፋኝ። በዕብራይስጥም በእንግሊዝኛም ስማቸውን የሚነግረኝ መጽሐፍ ነበረ። እኔ ግን የምደነቀውም የማዝነውም በአማርኛ ነው። በመጽሐፍ ቅዱሳችን ይህ ባሕር የኤርትራ ባሕር ተብሎ ተጽፏል፤ ሙሴ ሕዝቡን አሻግሮበታል፤ ፈርዖን ከነሠረገላው ሰጥሞበታል። በውስጡ ስለሚኖሩት ግን የደገኛው አንደበቴ አንድ ቃል እንኳ አላቆየልኝም። ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ እንደ አዳም ስም ማውጣት ጀመርሁ።

ክንፉን እንደ አንበሳ ጋማ በትኖ፣ የሚፈራው እንደሌለ ሁሉ ዝግ ብሎ የሚሄደውን፣ እሾኹ መርዛም የሆነውን ዓሣ «ጎፈሬ» አልሁት። በጠንካራ መንጋጋው ኮራሉን እየቆረጠመ፣ ፈጭቶ አሸዋ አድርጎ የሚያወጣውን «ወፍጮ» አልሁት፤ የምንተኛበት ነጭ አሸዋ ከፊሉ የእርሱ ዱቄት ነውና። ትልልቅ ዓሣዎች ተራ ይዘው፣ አፋቸውን ከፍተው ሲጠብቁት በመካከላቸው እየገባ ተባያቸውን የሚለቅምላቸው ከጣት የማይበልጥ ዓሣ «ወጌሻ» ሆነ። በሪፉ ግድግዳ ላይ እንደ ፍም የሚርመሰመሱት ብርቱካናማዎች ሁሉም ሴት ሆነው ይፈጠራሉ፤ የመንጋው ወንድ ሲሞት ከሴቶቹ ትልቋ ወንድ ሆና ቦታውን ትይዛለች። እርሷን «አልጋ ወራሽ» ብዬ ጻፍኋት። ከዋሻው ብቅ ብሎ አፉን የሚከፍት የሚዘጋው እባብ መሰል ዓሣ ደግሞ «ተቆጪ» ተባለ። በኋላ ግን የሚቆጣ ሳይሆን የሚተነፍስ መሆኑን ተረዳሁ፤ ውኃ በጉሮሮው እንዲያልፍለት ነው። ስሙን ልለውጠው አስቤ ተውሁት። ሰውም ቢሆን ለመተንፈስ ሲታገል የተቆጣ የሚመስልበት ጊዜ አለ።

አንዲት ፍጥረት ብቻ ስም አጣሁላት። ሥሯ ከድንጋይ የተጣበቀ፣ ላይዋ እንደ አበባ የተከፈተ እንስሳ ናት። ጣቶቿ ብዙ ናቸው፤ የነኩትን ትንሽ ዓሣ ሁሉ በመርዝ ነድፈው ያደነዝዛሉ። ሁለት ነጭ መቀነት የታጠቀ ብጫ ዓሣ ግን በእነዚያ ጣቶች መካከል ይኖራል፤ ሲፈራ ወደ እነርሱ ይሸሻል። ገላው በዝልግልግ ልባስ ስለተሸፈነ አይነደፍም። በደብተሬ ውስጥ ከዓሣው ጎን ለእርሷ የሚሆን ቦታ ትቼ አለፍሁ። ቦታው ለዓመታት ባዶውን ኖረ።

አጎቴ ይህን ባሕር ከእኔ ዘጠኝ ዓመት ቀድመው ተሻግረውታል። በ1974 ዓ.ም. ነው። ከጎንደር ገጠር በእግራቸው ሱዳን ገቡ፤ በገዳሪፍ አካባቢ በኡም ራኩባ የስደተኞች ሠፈር ቆዩ። ከዚያ አንድ ሌሊት ሸራ በለበሰ የጭነት መኪና ላይ ተጭነው፣ ቀን እየተደበቁ ሌሊት እየተጓዙ ባሕሩ ዳር ደረሱ። በጨለማ የላስቲክ ጀልባዎች መጡ፤ ከሩቅ ባት ጋሊም የተባለች መርከብ ትጠብቅ ነበር። ወደ ባሕሩ የገቡበት ዳር የትኛው እንደነበረ እስከ ዛሬ አያውቁም።

እኔ ግን ስለዚያ ዳርቻ አንብቤያለሁ። ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን አሩስ የሚባል፣ ጣልያኖች ሠርተው የተዉት የመዝናኛ መንደር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የእስራኤል የስለላ ድርጅት ሰዎች ተከራይተው የጠላቂዎች መዝናኛ አደረጉት። ቀን ቀን ከአውሮፓ የመጡ እንግዶችን ሪፍ ያስጎበኛሉ፤ ሌሊት ሌሊት የእኛን ሰዎች ያሻግራሉ። የዚያ ዳርቻ ሪፍ በዓለም የታወቀ ነው። ፈረንሳዊው ዣክ ኩስቶ እ.ኤ.አ. በ1963 እዚያው አካባቢ፣ ሻዕብ ሩሚ በተባለው ሪፍ፣ ሰዎች ለሳምንታት የሚኖሩበትን ቤት ከባሕር ሥር ተክሎ ነበር። እንግዲህ እስቡት፤ በአንድ ዳርቻ፣ በአንድ ውኃ፣ አንዱ ሰው ውበት ፍለጋ ፊቱን ወደ ታች ሲያዘነብል፣ ሌላው ነፍሱን ይዞ ፊቱን ወደ ጨለማው አድማስ ያቀና ነበር። አጎቴ በዚያ ሌሊት የተሻገሩት በእነዚህ ሁሉ ፍጥረታት ላይ ነው። አንዱንም አላዩም።

ይህን ላሳያቸው ፈለግሁ። ብዙ ጊዜ ጠይቄያቸው፣ ብዙ ጊዜ «ያን ባሕር አታንሣብኝ» ብለውኛል። ቤርሳቤህ ከሚኖሩበት ቤት አንሥቶ የልጅ ልጆቻቸው የባሕር ዳር ሽርሽር ሲሄዱ እርሳቸው ቤት ጠባቂ ናቸው። ፈሪ አይደሉም፤ በረሃውን በእግራቸው ያቋረጡ ሰው ናቸው። እኔም ፍርሃቱን የውኃ ፍርሃት ብቻ አድርጌ አየሁት። ባለፈው ጥቅምት ግን ከበዓሉ በኋላ ራሳቸው ደውለው «እስቲ እመጣለሁ» አሉኝ። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ሰው በዚያ ዕድሜ ለምን ሐሳቡን እንደሚለውጥ አይጠየቅም።

ውኃው ገና የበጋውን ሙቀት አልለቀቀም ነበር። የተንሳፋፊ ሰደርያ አለበስኋቸው፤ የሚይዙት ጎማ ሰጠኋቸው። ከድልድዩ መሰላል አጠገብ ውኃው ውስጥ ቆሜ መነጽሩን ሳጠልቅላቸው ግን ሰውነታቸው ተንቀጠቀጠ። አፍንጫቸው ሲሸፈን ፈጥነው በሁለት እጃቸው ገፍትረው አወለቁት።

«አፈነኝ» አሉ።

«ጋሼ፣ በአፍዎ ነው የሚተነፍሱት። በዚህ ቱቦ። ይስሙት፤ ትንፋሽዎ ይሰማዎታል።»

ዝም ብለው ቆዩ። ቀጥለውም መነጽሩን ከእጄ ተቀብለው ራሳቸው አጠለቁት። ቱቦውን ነከሱ። ጎማውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ፊታቸውን ውኃው ላይ ደፉ። በመጀመሪያ ትንፋሻቸው እንደ ሯጭ ነበር። ቀስ በቀስ እየረዘመ፣ እየረጋ መጣ። ጎማውን እየጎተትሁ ወሰድኋቸው። ወፍጮውን በጣቴ አሳየኋቸው፤ ኮራል ሲቆረጥም ድምፁ ከውኃ ሥር ይሰማል። ጎፈሬው አልነበረም። ወጌሻው ግን ሥራ ላይ ነበር።

ከሁለት ሜትር በማትጠልቅ ቦታ ያቺ ስም የለሽ ነበረች። ባለመቀነቱ ዓሣ ሲያየን ወደ ጣቶቿ ገባ፤ ፊቱ ብቻ ቀረ። አጎቴ እዚያ ላይ አላንቀሳቅስም አሉ። ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ ራሳቸውን አቅንተው ቱቦውን አወጡና «እጆቹ መርዝ ናቸው ወይስ መጫወቻ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«መርዝ ናቸው፣ ጋሼ። ለሌላው ይገድላሉ። ይህን ግን አይጎዱትም።»

«ያውቃል?»

ዓሣው ያውቅ እንደሆነ ነበር የጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ወደ ዳር መለስኋቸው።

ፎጣ ለብሰው በድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ሻይ እየጠጡ ነገሩኝ። በዚያ ሌሊት ዳሩ ላይ ተኝተው ጀልባ ሲጠብቁ፣ የሚያመጧቸው ሰዎች «ድምፅ እንዳይሰማ» አሉ። የሁለት ዓመት ሴት ልጃቸው ታቅፈዋት ነበር። ማልቀስ ጀመረች። ነጠላቸውን አጣጥፈው በአፏ ላይ አደረጉ፤ በነጠላው ላይ መዳፋቸውን። ወታደር ይሰማል ብለው ሲፈሩ ጫን አደረጉ። መብራት ከሩቅ ሲያልፍ ደግሞ ይበልጥ ጫኑ።

«ምን ያህል እንደ ቆየሁ አላውቅም» አሉኝ። «መብራቱ አልፎ እጄን ሳነሣ ዝም ብላለች። ጀልባው ላይ ሲያወጡን ዝም ብላለች። ጆሮዬን አፏ ላይ አድርጌ እንዳልሰማ ባሕሩ ይጮኻል። ለትንፋሽዋ የምሰማው ባሕር ብቻ ሆነ። መርከቡ ላይ ወጥተን፣ በርቶ ሳያት፣ ዓይኗን ገልጣ ታየኛለች።»

ልጅቱ ዛሬ በአንድ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት። ሦስት ልጆች አሏት። በየዓርቡ ለአባቷ ዳቦ ይዛ ትመጣለች። ይህን ታሪክ ግን ነግረዋት አያውቁም።

ከኢላት ስንመለስ በመንገድ ላይ «ያ ሁሉ ፍጥረት ከየት መጣ?» አሉኝ። ሳይንቲስቶች የሚሉትን ነገርኋቸው፤ ከበረዶ ዘመን በኋላ ኮራሎቹ ከሕንድ ውቅያኖስ በባብ ኤል መንደብ በር ገብተው፣ በሞቃቱ ደቡባዊ ቀይ ባሕር አልፈው ነው ወደ ሰሜን የደረሱት። ሙቀቱን የቻለው ብቻ አለፈ። ስለዚህም የኢላት ኮራል ከሌሎች ብዙ ሪፎች ይልቅ ሙቀትን ይታገሣል።

«ያልቻለውስ?»

«መንገድ ላይ ቀረ።»

መልስ አልሰጡም። በሱዳን በኩል በተደረገው ጉዞ፣ በመንገድና በስደተኞች ሠፈር ወደ 4,000 የሚጠጉ ወገኖቻችን ሞተዋል። አጎቴ በኡም ራኩባ እናታቸውን ቀብረዋል። እኔም ምሳሌው ከአፌ ካመለጠ በኋላ ተጸጸትሁ፤ ኮራል አይቀብርም፣ አያስታውስምም። በረሃው በመስኮት ያልፋል። ጥቂት ቆይተው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው መዳፋቸውን ተመለከቱ።

ማታ ቤቴ ስገባ ደብተሬን አወጣሁ። ቀኑን፣ ጥልቀቱን ጻፍሁ። ባዶ ከተውሁት ቦታ ላይ፣ ከባለመቀነቱ ዓሣ ጎን «የአባት እጅ» ብዬ አሰፈርሁ።

ባለፈው ሳምንት አጎቴ ደወሉ። ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ዝናቡ ተነጋገርን። ስልኩን ሊዘጉ ሲሉ፣ ያ መነጽር ለሴት የሚሆን ልክ ይኖረው እንደሆነ ጠየቁኝ።

«አለው፣ ጋሼ» አልኋቸው።