አልነሣ ስላለ አሮጌ አውቶሞቢልና አስቀድሞ ስለ መመርመር

አሮጌ አውቶሞቢል በቤቱ ያለው ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ሞተሩ አልነሣ ባለ ጊዜ ከመካኒኩ ቀድሞ የሚደርሰው ፈራጅ ነው። አንዱ ቤንዚኑን፥ ሁለተኛው ባትሪውን፥ ሦስተኛውም ሰውን ይከሳል። ሞተር ግን በሥርዓት ለጠየቀው ሁሉ እውነቱን የሚመልስ መሣሪያ ስለ ሆነ፥ በቤታችን የሆነውን ለአንባቢዎቻችን መንገር ይጠቅማል ብለን እናስባለን።

ከአባታችን የወረስነው ቮልስዋገን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1965 ዓ.ም. የተሠራ ነው። የዚህ ዓይነት አውቶሞቢል ሥራ በ2003 ዓ.ም. በሜክሲኮ አገር እስኪያበቃ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል፤ በአዲስ አበባም እስከ ዛሬ የሚያገለግሉ አሉ። ባለፈው ክረምት፥ በየወሩ እየተከፈለው የሚያጥብልን የሰፈራችን ልጅ ባጠበው ማግሥት አልነሣ አለ። አጎታችንም፥ «ውኃ ያገባበት ይህ ልጅ ነውና የወር ደመወዙ ይያዝ» አሉ። ልጁም፥ «ጌታዬ፥ የሞተሩን ክዳን አልከፈትሁም» ብሎ ቆመ። ደመወዙ እናቱ የቤት ኪራይ የምትከፍልበት ስለ ነበረ ነገሩ ቀላል አልነበረም። እኛም፥ «ጋሼ፥ ፍርዱ ምርመራው እስኪያልቅ ይቆየን» ብለን ለመንናቸው።

በመጀመሪያ ቁልፉን ብናዞር ሞተሪኖው ሞተሩን በኃይል አሽከረከረው፤ ስለዚህ ባትሪው ደኅና ነበረ። ካንዴላውን ብንፈታው በቤንዚን ርሶ ተገኘ፤ ስለዚህም ቤንዚን ይደርሳል። የቀረው እሳቱ ነው። የራሰውን ካንዴላ ወደ ቦታው መልሰን፥ የፈሰሰውን ቤንዚን ጠርገን፥ ከቦቢናው ወደ ዲስትሪቢውተሩ ክዳን የሚሄደውን ወፍራም ሽቦ ነቀልን፤ ብዙ ሺሕ ቮልት የሚያልፍበት ስለ ሆነም በባዶ እጅ ሳንነካ፥ እጀታው ጎማ በለበሰ ጉጠት ይዘን ጫፉን ወደ ሞተሩ ብረት አስጠጋነው። ሌላ ሰው ቁልፉን ሲያዞር አንዲት ብልጭታ እንኳ አልታየችም።

በዚህ ጊዜ የልጁ ነገር መፈታት ጀመረ። ውኃ ክዳኑን ጎድቶት ቢሆን ኖሮ፥ ከክዳኑ ነቅለን በያዝነው ሽቦ ጫፍ ብልጭታው መታየት ነበረበትና። ቦቢናው ደረቅ ነበረ፤ ክዳኑንም ብንከፍተው ውስጡ ደረቅ ሆኖ ተገኘ። ፑንቲናው ግን ተጋጥሞ ቀርቷል፤ በሚሽከረከረው ዘንግ ላይ የሚሻሸው እግሩ ከብዙ መንገድ በኋላ አልቆ ሊከፈት አልቻለም። ፑንቲናው ሲከፈት የቦቢናው ኤሌክትሪክ በድንገት ይቋረጣል፤ ከዚያም መቋረጥ ብልጭታው ይወለዳል፤ ካልተከፈተ እሳት የለም። አዲስ ፑንቲና አግብተን፥ ክፍተቱን በ0.4 ሚሊሜትር ለክተን ቁልፉን ብናዞር ሞተሩ ተነሣ።

አጎታችንም የልጁ ደመወዝ ሳይጎድል እንዲሰጠው አዘዙ፤ ከራሳቸውም ጨመሩለት።

የቤት ጌቶችና እመቤቶች ሆይ፥ አውቶሞቢላችሁ አልነሣ ሲል ባትሪውን፥ ቤንዚኑን፥ እሳቱን በተራ መርምሩ፤ ዕድሜ የጨረሰውንም ዕቃ ሰው አበላሸው ለማለት አትቸኩሉ። ፑንቲና በገበያ ይገዛል፤ በከንቱ የጠፋ የድኻ ልጅ ስም ግን አይገዛም።