ወደ ጦር ትምህርት ቤት ልግባን?

በኮኪት የምትማሩ ልጆች ሆይ፣ በደጃችሁ የሚያልፈው መንገድ ከገንዳ ውኃ ወደ መተማ ዮሐንስ የሚወስደው ነው። በዚያው በመተማ፣ በመጋቢት 1881 ዓ.ም.፣ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከድርቡሾች ጋር ሲዋጉ ቆስለው ሞቱ። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህም የሱዳንን ጦርነት የሸሹ እናቶች ሕፃናት ታቅፈው በዚያ በኩል ገብተዋል። ስለዚህ ለእናንተ ስለ ወታደርነት መጻፍ ጦርነትን በወሬ ብቻ ለሚያውቅ እንደ መጻፍ አይደለም።

አስተማሪ በነበርሁበት ዘመን የሰሊጥ አጨዳ አልፎ ክፍሉ ሲሞላ፣ በየዓመቱ አንድ ሁለት ተማሪ፣ «መምህር፣ የጦር ኮሌጅ ልግባ ወይስ ልተው?» ብሎ ይጠይቀኝ ነበር። ግባም አትግባም ብዬ መልሼ አላውቅም። «ያማረህ ትምህርቱ ነው ወይስ የደንብ ልብሱ?» ብዬ ግን እጠይቀው ነበር። ብዙዎቹ ፈገግ ይላሉ፤ ፈገግታቸውም መልስ ነበር።

በመጀመሪያ፣ ለተራ ወታደርነት መመልመል ሌላ፣ የመኮንንነት ትምህርት ሌላ መሆኑን ለዩ። በአገራችን የሆለታው የጦር ትምህርት ቤት በ1927 ዓ.ም. ሲከፈት አስተማሪዎቹ ስዊድናውያን፣ አለቃቸውም ካፒቴን ቪኪንግ ታም ነበሩ። ትምህርቱ ሳይጠናቀቅ የፋሽስት ወረራ ደረሰ። ከዕጩ መኮንኖቹ ብዙዎቹ ወደ ወለጋ ሄደው በጥቁር አንበሳ ማኅበር ተሰለፉ፤ ሰኔ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. በቦናያ ያረፉ የጠላት አውሮፕላኖች በእነርሱ እጅ ተቃጠሉ። የማኅበሩ መሪ ግን ወታደር አልነበሩም፤ የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። ለአገር የሚጠቅም ሁሉ በሰልፍ ሜዳ እንዳልተማረ እንድታስተውሉ ብዬ ነው።

በ1950 ዓ.ም. የተከፈተው የሐረር ጦር አካዳሚ በህንድ መኮንኖች ይመራ ነበር። ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱ ወጣቶች ሦስት ዓመት፣ ከሰልፉና ከተኩሱ ጋር የቀለም ትምህርትም ተምረው በምክትል መቶ አለቃነት ይመረቁ ነበር። ዛሬ ደግሞ የመከላከያ ዩኒቨርሲቲ በቢሾፍቱ ምህንድስናና የጤና ሳይንስ ያስተምራል። ትምህርቱ፣ መኝታው፣ ምግቡና ልብሱ በመንግሥት ወጪ ነው። ለሰሊጥ አጫጅ ልጅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ጥቅሙን የሚያናንቅ ሰው የድኻ ቤት አያውቅም።

ዋጋው ግን በብር አይከፈልም። የምትኖሩበትን ቦታ፣ የምትነሡበትን ሰዓት፣ ከሁሉም በላይ ጥይቱ ወዴት እንደሚተኮስ የሚወስነው ሌላ ሰው ይሆናል። ኮሌጁም የሰውን ጠባይ አይፈጥርም። ከ1994 እስከ 2006 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት የነበሩት መቶ አለቃ ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ከሆለታ ወጡ፤ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምም ከዚያው ከሆለታ ወጡ።

ስለ ጎረቤታችሁ ስለ ጋላባት አንድ ነገር ልጨምር። በጥቅምት 1933 ዓ.ም. ብርጋዴር ዊልያም ስሊም የህንድ ብርጌድ እየመራ ጋላባትን ያዘ፤ መተማን ግን መያዝ አቃተው። ይህ እንግሊዛዊ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ፣ ኋላም የፋብሪካ ጸሐፊ የነበረ እንጂ በስመ ጥር የጦር ኮሌጅ ያደገ አልነበረም። በስተእርጅናው በጻፈው መጽሐፍ ያልተሳካበትን ምክንያት በሌላ ላይ ሳያላክክ ራሱን ወቀሰ። በመጨረሻ ፊልድ ማርሻል የሆነው እንዲህ ያለ ሰው ነው፤ እኔ ከማዕረጉ ይልቅ ያችን ወቀሳ አደንቃለሁ።

ለመግባት የቆረጣችሁ፣ ወንዶችም ሴቶችም፣ የአገልግሎት ውሉን ለወላጆቻችሁ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡላቸው። ስንት ዓመት ታገለግላላችሁ? ብትታመሙ ወይም ትምህርቱ ቢከብዳችሁ ምን ይደረጋል? መልሱ በወረቀቱ ላይ ካልተገኘ፣ ከመፈረማችሁ በፊት መዝጋቢውን ጠይቁ።