አንዳንድ ጊዜ ስለሚታይ ጥፋት

ጥፋት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሁልጊዜ የሚታይ ነው፤ ሁለተኛው መጥቶ የሚሄድ ነው። ሁልጊዜ የሚታየው ከባድ ቢሆንም እንኳ መርማሪውን አያስቸግረውም፤ በፈለጉት ጊዜ ይገኛልና። መጥቶ የሚሄደው ግን ሲፈልጉት ተሰውሮ ሳይፈልጉት ስለሚገለጥ ሰውን ከሰው ያጣላል፤ «አየሁ» የሚለውንም ሰው ውሸታም ያሰኘዋል። ነገር በምሳሌ፥ ጠጅ በብርሌ እንዲሉ፥ እንዲህ ያለው ጥፋት እንዴት እንደሚመረመር በአንድ አሮጌ ሚኒባስ መስዬ ላጫውታችሁ።

ሾፌሮችና መካኒኮች «ሚኒሞ» የሚሉት ነገር አለ። ይኸውም መኪናው ቆሞ፥ የሾፌሩም እግር ከነዳጅ መስጫው ፔዳል ተነሥቶ፥ ሞተሩ እንዳይጠፋ ያህል በዝግታ የሚዞርበት ልክ ነው። ይህ ልክ በብዙዎቹ የቤንዚን ሞተሮች ዘንድ፥ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ፥ በደቂቃ ከ700 እስከ 900 ዙር ነው። ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ግን ከዚህ በላይ ሊዞር ይገባዋል። በአንዳንድ አሮጌ ሞተሮች ላይ ይህን ሥራ የሚሠራው በውስጡ ሰም ያለበት አንድ ትንሽ መሣሪያ ነው። ሰሙ የሚሞቀው ከሞተሩ በቀጭን ቱቦ በሚመጣለት ውሃ ነው። ውሃው ሲግል ሰሙ ያብጥና የተጨማሪውን አየር በር ይዘጋል፤ ያን ጊዜ ሞተሩ ረጋ ይላል።

የእህቴ ልጅ በ2016 ዓ.ም. ይነዳው የነበረው መኪና ሰዎች «ዶልፊን» የሚሉት፥ የቤንዚን ሞተር ያለው ቶዮታ ሃይስ ነው። ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ሲመላለስ ሞተሩ አንዳንድ ቀን ቆሞ ሳለ ይጮኻል፤ ሲለካም በደቂቃ 1,500 ዙርና ከዚያ በላይ ይሆናል። ባለንብረቱ ነዳጅ ከወትሮው ይልቅ እንደሚያልቅ ባየ ጊዜ ሁለት ክስ አቀረበ። አንደኛው «እግርህ ከባድ ነው» የሚል ነበር፤ ሁለተኛው ግን «ቤንዚኑን ትሸጣለህ» የሚል ነበር። ልጁ «ሞተሩ አንዳንድ ጊዜ ራሱ ይጮኻል» ብሎ ቢምል፥ ባለንብረቱ በመጣ ቁጥር መኪናው እንደ በግ ዝም ይላል። አንድ ሾፌር አንድ ጊዜ ሌባ ከተባለ በኋላ መኪናውን አምኖ የሚሰጠው ሰው አያገኝም። ይህ ልጅ ደግሞ እናቱንና ሁለት ታናናሾቹን የሚረዳበት ሌላ ሥራ አልነበረውም።

መኪናው ወደ አንድ ጋራዥ ተወሰደ። መካኒኩም ምክንያቱን ሳይጠይቅ የሚኒሞውን ብሎን አጠበቀና ጩኸቱን ዝቅ አደረገው። ነገር ግን የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል። ሞተሩ ደኅና በሚውልበት ቀን ሚኒሞው ከልኩ በታች ወርዶ፥ መኪናው ተሳፋሪ እንደ ጫነ ዳገት ላይ ይጠፋ ጀመር። ድምፁ ታፈነ እንጂ በሽታው አልዳነም፤ እንዲያውም በአንዱ ላይ ሁለተኛ ተጨመረበት።

ልጁ ወደ እኔ መጥቶ «ጋሼ፥ እባክዎ ባለንብረቱን ያነጋግሩልኝ» አለኝ። ባለንብረቱን ባነጋግረው «መምህር፥ የሥጋ ዘመድዎ ስለሆነ ይራሩለታል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የዘመድ ምስክርነት ለማንም አይበቃም። ስለዚህ ሌላ ምስክር መፈለግ ነበረብን። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስንማር፥ ያየነውን በአንድ ገጽ፥ ያሰብነውን በሌላ ገጽ እንድንጽፍ ያዙን ነበር። እኔም ለልጁ አንድ ደብተር ሰጥቼ፥ ቀኑን፥ ሰዓቱን፥ ሞተሩ መሞቁን ወይም መቀዝቀዙን፥ ራዲያተሩ ውሃ የተጨመረለት መቼ እንደሆነ፥ ሞተሩም መጮኹን ወይም ዝም ማለቱን ብቻ እንዲጽፍ ነገርኩት። ባለንብረቱም ሁለት ሳምንት ለመታገሥ ፈቀደ።

ደብተሩ እየተጻፈ ሳለ ቀላል ከሆነው ጀምረን አንድ በአንድ መረመርን። መጀመሪያ የፔዳሉን ገመድ ፈተን አየን፤ ሲለቀቅ ሳይያዝ ይመለሳል። ቀጥሎ የአየር ቱቦዎቹን ተመለከትን፤ በተሰነጠቀ ቱቦ አየር ሾልኮ ሲገባ ሚኒሞ ከፍ ይላልና። በቱቦዎቹ ላይ ጥቂት ውሃ ብንረጭ የሞተሩ ድምፅ አልተለወጠም። በአንድ ቀን ሁለት ነገር አልነካንም። ሁለት ነገር አንድ ላይ የለወጠ ሰው፥ መኪናው ቢድንም እንኳ በየትኛው እንደዳነ አያውቅም።

ሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ደብተሩ ተናገረ። ውሃ በተጨመረ ቀንና በማግስቱ ሞተሩ ዝም ይላል፤ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን፥ ከሞቀ በኋላ፥ ይጮኻል። ረዳቱ ውሃ የሚጨምረው ትዝ ባለው ቀን ስለነበረ፥ ጩኸቱም ሥርዓት የሌለው ይመስል ነበር። ሞተሩ በጮኸ ቀን ያን ቀጭን ቱቦ በጥንቃቄ ነካ አድርገን ብናይ፥ ወፍራሙ የራዲያተር ቱቦ እጅ ሲያቃጥል፥ ቀጭኑ ቀዝቃዛ ሆኖ ተገኘ። ውሃው ሲጎድል መጀመሪያ የሚራቆተው ይህ ከፍ ብሎ ያለው ቱቦ ነበር፤ አየር ሞልቶበታልና ሙቀት ወደ ሰሙ አይደርስም። መሣሪያውም ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ነው ብሎ የአየሩን በር ከፍቶ ይቆያል። መኪናው ደጋግሞ «ውሃ ጎደለብኝ» ይል ነበር፤ ሰዎቹ ግን ስለ ቤንዚን ይከራከሩ ነበር።

ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቀን ክዳኑን ከፈትን፤ የጋለ ራዲያተር መክፈት ፊትን ያቃጥላልና። ወደ ሁለት ሊትር የሚሆን ውሃ ወሰደ። ይህም የመጨረሻው መልስ አልነበረም፤ ውሃው የት እንደሚሄድ ገና አልታወቀምና። ፈልገን ከወለሉ ሥር አንድ ቱቦ በብረት ማሰሪያው በኩል ሲያንጠባጥብ አገኘነው። ሞተሩ ሲግል ብቻ ስለሚፈስና ወዲያው ስለሚተን፥ በመሬት ላይ ምልክት አይተውም ነበር። ማሰሪያው ተለወጠ፤ ብሎኑም ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ።

ይህ ባይገኝ ኖሮ ጉዳቱ በነዳጅ ብቻ አይቀርም ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች፥ በክፍት ድስት ውስጥ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ራዲያተሩ ውሃውን ሳያፈላ የሚያቆየው በክዳኑ ታፍኖ ግፊት ሲይዝ ነው። ውሃው እየጎደለ ቢቀጥል ኖሮ፥ ሞተሩ ዳገት ላይ ግሎ ቴስታታው ይጣመም ነበር፤ የሞተሩ ዕዳም በዚያው ልጅ ራስ ላይ ይወድቅ ነበር። ባለንብረቱ ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበበና፥ የመኪናውን ቁልፍ በገዛ እጁ ለልጁ ሰጠው።

ወጣቶች ሆይ፥ የሰውም ጠባይ እንዲሁ ነው። አስተምርበት በነበረ ከተማ አንዲት የአምስተኛ ክፍል ልጅ አንዳንድ ቀን በትምህርት ሰዓት ታንቀላፋ ነበር፤ «ሰነፍ ናት» ተባለች። ያንቀላፋችበትን ቀን በስም መጥሪያው መዝገብ ላይ ምልክት እያደረግሁ ብመለከት፥ ሁልጊዜ ሰኞና ሐሙስ ሆኖ ተገኘ። የከተማው ገበያ በእነዚያ ቀናት ይውል ነበር፤ ልጅቱም በዋዜማው ሌሊት ከእናቷ ጋር ለገበያ የሚሸጥ እንጀራ ስትጋግር ታድር ነበር። ይህ ከታወቀ በኋላ ቅጣቱ ቀረ፤ ከባዱንም ትምህርት ወደ ሌላ ቀን አዛወርንላት።

እንግዲህ «አንዳንድ ጊዜ ያጠፋል» የሚባል ሰው ሲያጋጥማችሁ፥ ከመፍረዳችሁ በፊት «መቼ ነው? ከምን በኋላ ነው? በዚያን ቀን ምን ጎድሎበት ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ያገኛችሁትንም ጻፉ፤ ልብ የወደደውን ያስታውሳል፥ ያልወደደውን ይረሳልና። አንድ ደብተርና ሁለት ሳምንት ትዕግሥት ብዙ ዋጋ አይጠይቅም፤ ያለ ጥፋቱ ሌባ የተባለ ሰው ግን ስሙን በገንዘብ ገዝቶ አይመልሰውም።