ስሙ በማን ስም ነው?

እናቴ ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ቀሚስ ማሰፋት ከጀመረች 20 ዓመት አልፏታል። ድረ ገጽ የከፈትንላት ግን ከ6 ዓመት በፊት ነው። ሐሳቡ የኔ ነበር። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ለሌሎች ድርጅቶች "ስማችሁን ጠብቁ" እያልኩ ውዬ፣ የገዛ እናቴ ሱቅ ድረ ገጽ አልባ መሆኑ ያሳፍረኝ ነበር። አንድ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ በትርፍ ሰዓቱ ሠራልን። የእናቴ ስም ዶት ኮም ተጨምሮበት አድራሻ ሆነ፤ ኢሜይሏም በዚያው ስም ተከፈተ። ከዋሽንግተን፣ ከለንደንና ከዱባይ ልካቸውን የሚልኩ ደንበኞች መጡ።

ባለፈው ኅዳር አንድ ምሽት ሜሪላንድ የምትኖር የቆየች ደንበኛችን ለእናቴ ደወለች። "እትዬ፣ ሥራ አቆሙ እንዴ? ኢሜይል ብጽፍ ይመለስብኛል። ገጹን ስከፍተውም የማላውቀው ማስታወቂያ ነው የሚመጣው።"

እኔም ከፈትኩት። የቀሚሶቹ ፎቶ የለም። በቦታው የእንግሊዝኛ ማስታወቂያዎች ተደርድረዋል፤ ከላያቸው የስሙ ጊዜ እንዳለፈበት የሚገልጽ አንድ መስመር ተጽፏል።

ብዙዎቻችን ዶሜይን የሚባለውን የድረ ገጽ ስም አንዴ ገዝተን የጨረስን ይመስለናል። ነገሩ ግን ከኪራይ ጋር ይቀራረባል። መዝጋቢ ለሚባል ድርጅት በየዓመቱ፣ ወይም የብዙ ዓመቱን አስቀድሞ መክፈል ያስፈልጋል። መዝጋቢው ጊዜው ሊያልቅ አንድ ወር ገደማ ሲቀረው፣ ከዚያም አንድ ሳምንት ገደማ ሲቀረው ማስጠንቀቂያ የመላክ ግዴታ አለበት። ካለፈ በኋላም በ5 ቀን ውስጥ አንድ ጊዜ ያስታውሳል። ሁሉም ተልኮልን ነበር። የተላከው ግን ጓደኛዬ ተማሪ ሳለ ይጠቀምበት ወደነበረው ኢሜይል ነው። እሱ ደግሞ ካናዳ ከገባ ሦስት ዓመቱ ነው።

መዝገቡ ላይ ያለው የባለቤት ስምም የሱ ነው። ይህን ስነግራት እናቴ ትንሽ ዝም ብላ፣ "ስሙ እኮ የኔ ስም ነው" አለችኝ።

"አዎ እማዬ፣ ካርታው ግን በሰው ስም ነው የወጣው" አልኳት።

ወዲያው ገባት። የቤት ካርታ በሌላ ሰው ስም በመውጣቱ ስንት ዘመድ ፍርድ ቤት ሲመላለስ አይታለች።

ጊዜው ያለፈበት የዶት ኮም ስም ወዲያው አይጠፋም። እንደየመዝጋቢው ቢለያይም፣ እስከ 45 ቀን ሊደርስ የሚችል የችሮታ ጊዜ አለ። ያ ካለፈ የ30 ቀን የማስመለሻ ጊዜ ይከተላል፤ ያኔ የሚጠየቀው ገንዘብ ከተራው እድሳት ብዙ እጥፍ ነው፣ ስሙ ሳይመለስም ወደ ሌላ መዝጋቢ ማዛወር አይቻልም። በመጨረሻ 5 ቀን ቆይቶ ይሰረዛል፤ ቀድሞ የደረሰ ይወስደዋል። አንዳንድ መዝጋቢዎች ደግሞ ያን ያህል ሳይጠብቁ ለጨረታ ያቀርቡታል። እኛ የነቃነው በ19ኛው ቀን ነው።

ጓደኛዬን በወንድሙ በኩል በቴሌግራም አገኘሁት። የባንክ ካርዱ ተቀይሮ ክፍያው ሳያልፍ መቅረቱን ያወቀው እኔ ስነግረው ነው። "እማማን ይቅርታ በይልኝ" አለ። ልቀየመው አልቻልኩም። እነዚያን ሁሉ ዓመታት ከኪሱ ሲያድስልን "ማን ነው የሚከፍለው?" ብዬ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩም።

የመጀመሪያ ሐሳቤ የባለቤቱን ስም ወደ እናቴ ማዞር ነበር። እሱ አስቆመኝ። ብዙ መዝጋቢዎች ዘንድ የባለቤት ስም ወይም ኢሜይል ሲቀየር ስሙ ለ60 ቀን እንዳይዛወር ይቆለፋል። "እንግዲያው እዚያው አድሰውና በኋላ እናዛውረዋለን" አልኩ። ይህም ወጥመድ አለው፤ በችሮታው ጊዜ አድሶ ወዲያው ማዛወር የተከፈለበትን ዓመት ሊያስቀር ይችላል። ዝውውሩ ራሱ አንድ ዓመት ይጨምራል። ስለዚህ መጀመሪያ ማዛወር፣ ስሙን በኋላ መቀየር ወሰንን። ቀጣዩ ዓመት አልተከፈለም ብሎ ብቻ የድሮው መዝጋቢ ዝውውሩን መከልከል አይችልም።

እሱ ቁልፉን ከፍቶ የዝውውር ኮዱን ላከልኝ። ኮዱ እንደተፈረመ ቼክ ስለሆነ በግል መልእክት ብቻ ተቀበልኩት። እኔ ሌላ መዝጋቢ ዘንድ በእናቴ ስም መለያ ከፈትኩ። የሰጠሁት ኢሜይል ከዚያ ዶሜይን ውጭ የሆነ ነው፤ አለዚያ ስሙ ሲዘጋ ማስጠንቀቂያውም አብሮ ይዘጋል። ክፍያው በዶላር ስለሆነ ቨርጂኒያ ያለች የአክስቴ ልጅ በካርዷ ከፈለችልን። ከዚያ 5 ቀን ጠበቅን።

በ6ኛው ቀን ስሙ እኛ ዘንድ ገባ፤ ገጹ ግን አሁንም ማስታወቂያ ነው። ለካ ዝውውር መዝጋቢውን ይቀይራል እንጂ አቅጣጫውን አያስተካክልም። ስሙ ወዴት እንደሚመራ የሚናገረው መዝገብ አሁንም ወደ ድሮው መዝጋቢ ማስታወቂያ ይጠቁም ነበር። ጓደኛዬ የድሮውን ቅንብር አስቀምጦት ስለነበር መልሰን አስገባነው። ማታ ላይ የመጀመሪያው ቀሚስ ፎቶ ታየ፤ በማግስቱ ኢሜይሉ ሠራ።

ሁሉም ግን አልተመለሰም። ለጥር ሰርግ ለራሷና ለ7 ሚዜዎቿ ያዘዘች የለንደን ሙሽራ ሁለት ጊዜ ጽፋ፣ ሁለቱም ተመልሶባት፣ ሥራውን ለሌላ ሰጥታለች። እናቴ "ይሁን" ከማለት ሌላ ምንም አልተናገረችም። ለነሱ ያሠራችው ጥበብ ግን ዛሬም መደርደሪያው ላይ ነው።

እናንተም ሱቅ፣ ክሊኒክ፣ መዋዕለ ሕፃናት ወይም የእንግዳ ማረፊያ ካላችሁ፣ ድረ ገጹን የሠራላችሁን ሰው ዛሬ ማታ አራት ነገር ጠይቁት። ስሙ የተመዘገበው በማን ነው? ማስጠንቀቂያው ወደ የትኛው ኢሜይል ይሄዳል? መቼ ያልቃል? የይለፍ ቃሉ በማን እጅ ነው? በዶት ኢቲ የምትጠቀሙ ከሆነ አሠራሩ የተለየ ነው፣ በኢትዮ ቴሌኮም በኩል ነው፤ ጥያቄዎቹ ግን ያው ናቸው። የምትጠይቁት ሰው ወንድማችሁም ቢሆን አትፈሩ። ሰው ይረሳል፣ ይሄዳል፣ ካርድም ይቀየራል።

አሁን መዝገቡ ላይ ያለው የእናቴ ስም ነው። የሚያልቅበትን ቀን በኛ አቆጣጠር አስቆጥራኝ፣ ሱቁ ግድግዳ ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ፣ የኪራይና የመብራት መክፈያ ቀን ከምትጽፍበት ጎን በቀይ እስክሪብቶ ጽፋዋለች።